አማቴን የጠራው የእኔ ድምፅ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ሰፈር ውስጥ አንዱ መጥቶ "ትናንት ጥላ ተከተለኝ" ካለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ጠጥተህ ነበር ብዬ ነው፣ ልጅ ሆኜም ድመት በጣሪያ ላይ ስታለቅስ እናቴ ስታማትብ እኔ ድንጋይ ይዤ ድመቷን ለማባረር የምወጣ ነበርኩ። ዲላ ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ፣ እጄ ከግራሶ ተለይቶ አያውቅም፣ የሚጨበጥ ነገር ካልሆነ ጆሮዬን አልሰጥም። ሚስቴ "ይህን ነገር ለሰው አታውራ፣ አበደ ይሉሃል" ብላኛለች፣ እኔ ደግሞ አበደ ያለኝ ሰው መጥቶ አማቴን ይጠይቅ እላለሁ፣ ይኸው በጓሮ ክፍላችን ተቀምጠው የዲላን ሙቀት እየረገሙ ነው።

ሚስቴ አስቴር አስተማሪ ናት፣ የቡሌ ልጅ። እኔ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ሱቅ የከፈተ የኦርቶዶክስ ልጅ፣ እሷ የጌዴኦ ጴንጤ፣ ስንጋባ ሁለቱም ወገን አኩርፎ ነበር፣ ከሁሉም ያላኮረፉት የእሷ እናት እማማ አየለች ብቻ ናቸው፣ "ሰው ነው አይደል፣ ይበላል ይጠጣል፣ ምን አለበት?" ብለው ነገሩን ዘጉት። ስለዚህ አማቴን እወዳቸዋለሁ፣ እሳቸውም አማች የሚሉትን ነገር ከንጉሥ ለይተው አያዩትም፣ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ገና ከአጥሩ በር ሆኜ ድምፄን ሲሰሙ የያዙትን ጥለው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ እጃቸው ቡላ እንደተለወሰ ወጥተው አቅፈውኝ ጃኬቴ ነጭ ሆኖ ተመልሻለሁ።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አስተማሪዎችን ሰብስበው ስለ መሬት መንሸራተት የግንዛቤ ማስጨበጫ ሰጧቸው። አስቴር ስልጠና ሄዳ ከመጣች ስልጠናው ለእኔም ነው፣ ማምለጫ የለኝም። ያን ቀን ማታ ትሪ ላይ ስኳር ቆለለችና "ይሄ ተራራ ነው እንበል" አለች፣ ከሥሩ በማንኪያ ትንሽ ጫር ስታደርገው ከላይ ያለው ሁሉ ተንዶ ወረደ። "አየህ? ከላይ አይደለም የሚጀምረው፣ እግሩን ስትቆርጠው ነው" አለችኝ። እኔ ስኳር አባከንሽ ብዬ አሾፍኩባት። እሷ ግን አላቆመችም፣ መሬት ሲሰነጠቅ፣ ቀጥ ያለ ዛፍ ሲያጋድል፣ የቤት በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ሲል፣ የምንጭ ውሃ ሲደፈርስ፣ እነዚህ ሁሉ መሬቱ ልሄድ ነው የሚልባቸው ምልክቶች ናቸው፣ የግድ ቁልቁለቱን ማቋረጥ ካለባችሁ ደግሞ አንድ በአንድ ነው፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ቆሞ ያየዋል፣ ተያይዞ መሄድ የለም አለች። "መሬት ይሄዳል ብሎ መሬት ላይ የማይሄድ ሰው በምን ይሂድ ታዲያ?" አልኳት፣ እሷም ትሪውን አንስታ ስኳሩን ወደ ጣሳው መለሰችው።

ሐምሌ ላይ አማቼ አረፉ፣ የአስቴር አባት። ቤታቸው ከቡሌ ከተማ ወጣ ብሎ ከአንድ ገደላማ ተራራ ሥር ነው፣ ከኋላው ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው በታች እንሰት፣ ከእንሰቱ በታች ቤቱ። እንግዲህ ለቅሶ እንደምታውቁት ነው፣ የሞተው የተከበረ ሰው ከሆነ ዳሱ መስፋት አለበት፣ ለቀስተኛ ዝናብ እየመታው ደጅ ቢቆም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነውር ነው። ግቢው ጠባብ ስለነበር የሰፈሩ ወንዶች መቆፈሪያና አካፋ ይዘው የተራራውን እግር ቆርጠው ሜዳ አደረጉት፣ ለዳሱ ምሰሶ የሚሆነውንም ከኋላ ያለውን ቀርከሃ መንጥረው አወረዱት። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ያን ቀን እዚያ የቆፈረ ሰው ሁሉ ለሟቹ ፍቅሩን ነው የገለጸው። አስቴር ነጠላዋን አገልድማ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ አየቻቸው፣ እኔን በዓይኗ ጠርታ "እግሩን እየቆረጡት ነው" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "በአባትሽ ለቅሶ ላይ ዳስ አትሥሩ ልትዪ ነው?" አልኳት፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እናንተም ብትሆኑ አትሥሩ አትሉም።

ለቅሶው ሲረግብ አማቴን ዲላ እንውሰድዎ አልናቸው። እምቢ። "ከገደብ ያልሰማ ዘመድ አለ፣ ከይርጋ ጨፌ ያልመጣ አለ፣ መጥቶ በሬ ተዘግቶ ቢያገኝ ምን ይለኛል?" አሉ። አስቴር ብትለምናቸው፣ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች። ትተናቸው ተመለስን፣ ከዚያ ዝናቡ ያዘ። የቡሌን ዝናብ የማያውቅ ሰው ዝናብ አያውቅም፣ ይጀምራል እንጂ ሲያቆም አይታይም፣ ዲላ ላይ ሆነን እንኳ ወደ ላይ ስናይ ደጋው በጉም ተጠቅልሎ ተራራው የጠፋ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ሱቅ ሳለሁ አማቴ ደወሉ፣ የአስቴር ስልክ ዝግ ስለነበር። አማርኛቸው እንደዚሁ ነው፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል፣ እኛ ለምደነዋል። "ልጄ፣ አስቴር ደህና ነው? ምግብ ይበላል?" አሉኝ፣ ደህና ናት አልኳቸው። ከዚያ እንደ ቀላል ወሬ፣ "እኔ ደህና ነኝ፣ በሩ ብቻ አልዘጋ አለ፣ ግን ጥሩ ነው፣ ለቀስተኛ ክፍት በር ይወዳል። ምንጩም ሻይ በወተት መሰለ፣ የሰው ከብት ገብቶበት ይሆናል" አሉኝ። እመኑኝ፣ እኔ ያ የስኳሩ ትሪ ትዝ ያለኝ እንኳ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ቤት ሄጄ ለአስቴር ስነግራት ደብተር እያረመች ነበር፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ሞተሩን አውጣ" አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እንዲህ ያለ ነገር የሚሆነው በሌሊት ነው ይላሉ አይደል፣ እኛ ግን የሄድነው በቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ። መንገዱን ከናንተ የሚያውቀው ካለ አልገልጽለትም፣ የማታውቁ ደግሞ አትሞክሩት፣ ጎማው ጭቃ ጠጥቶ የዝሆን እግር አክሎ፣ አስቴር ወገቤን ይዛ "ቀስ፣ ቀስ" እያለች፣ እኔም ቀስ ማለት እንዴት ነው ከዚህ በላይ ብዬ እየተነጫነጭኩ። ንዴት ሲጀምረኝ አፌን ቆሎ የመሙላት ልማድ አለኝ፣ አስቴር ናት ያስተማረችኝ፣ ከተጋባን በኋላ "ስትናደድ ቆሎ ቃም፣ የምትናገረውን እየዋጥክ ትረጋጋለህ" ብላኝ የገብስ ቆሎ ከኪሴ አይጠፋም። ያን ቀን እስከ ቡሌ ድረስ ግማሹን ጨረስኩት።

ከዋናው መንገድ ወደ አማቴ ቤት የምትገባው መንገድ ከተራራው ወገብ ላይ በአግድም የተቆረጠች ቀጭን መንገድ ናት፣ ከላይ ገደል፣ ከታች ገደል፣ ትንሽ ዞር ስትሉ ቤቱ ከፊታችሁ ነው። ሌላው መንገድ በሸንተረሩ ላይ የሚዞረው ነው፣ ሩቅ ነው፣ ሞተር አያስኬድም። እኔ ሁልጊዜ በአግድሙ ነው የምሄደው፣ እንዲያውም ፍጥነት ጨምሬ። መግቢያው ላይ ስንደርስ ጉሙ እንደ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል፣ የሞተሬን የፊት ጎማ አየዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው። አስቴር "አቁም" አለችኝ፣ አቆምኩ። ወርዳ ጎንበስ አለች። መንገዱ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወደ ላይ ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ጠፍቷል፣ ከላዩ ያለ ባሕር ዛፍ ደግሞ እንደ ሰካራም ወደ እኛ አጋድሏል።

"በዚህ አንሄድም፣ በላይ እንዙር" አለች።

"እስክንዞር ይመሻል።"

"እሺ፣ እዚህ ጋ አንድ በአንድ። ሞተሩን እዚህ ተወው፣ አንተ ቅደምና እለፍ፣ እኔ ቆሜ አይሃለሁ፣ ስትደርስ ጥራኝ።"

"በዚህ ጉም የትኛው ዓይንሽ ነው የሚያየኝ? ደግሞስ አንቺን ገደል አፍ ላይ አቁሜ ብቻዬን ብደርስ፣ እናትሽ 'ልጄስ?' ቢሉኝ ምን ልበል፣ ስልጠና ላይ ናት ልበል?"

"ተክሌ፣ እያሾፍክ ነው?"

"ተያይዘን እንሄዳለን፣ አለቀ" አልኩና፣ ሌላ የሚያስቆጭ ነገር ከአፌ እንዳይወጣ አንድ እፍኝ ቆሎ ሙሉውን አፌ ውስጥ አደረግሁ፣ ጉንጬ እስኪወጠር፣ ከዚያ የሞተሩን መሪ ይዤ ልገፋ ተደገፍኩ። አስቴር አልገፋችም፣ ግን ከኋላ ያለውን ብረት ያዘች፣ ትከተለኝ ነበር፣ ያን ጊዜ ብገፋ ኖሮ ትከተለኝ ነበር።

ያኔ ነው የሰማነው። ከፊት ለፊት፣ ከጉሙ ማዶ፣ ከቤቱ በኩል።

"እማማ! እማማ አየለች፣ ይውጡ!"

የራሱን ድምፅ በሞባይል ቀድቶ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ለራስህ ስትናገር የምትሰማው ድምፅህና ሌላው የሚሰማው ድምፅህ አንድ አይደለም፣ ስትሰማው ያስጠላል፣ ይሄ ነው እንዴ ድምፄ ትላለህ፣ ግን ታውቀዋለህ። አወቅሁት። የእኔ ድምፅ ነው፣ ሁልጊዜ ከአጥሩ በር ሆኜ የምጠራበት፣ መጨረሻው ላይ ሳብ የማደርገው ነገር ሳይቀር። አስቴር ብረቱን ለቃ ወደ ፊት መጣችና አፌን አየችኝ። አፌ ቆሎ ሞልቶ አልንቀሳቀስም ብሏል፣ ማኘክም፣ መዋጥም፣ መትፋትም አቅቶኛል። ዓይኗን ከአፌ ሳታነሳ በእጇ ጃኬቴን ጨመደደችው። ሁለታችንም አልተራመድንም። ጮክ ብዬ ላስተባብል እንኳ አልቻልኩም፣ እስቲ ገምቱት፣ ሚስትህ ድምፅህን ከማዶ ሰምታ አንተን ከአጠገቧ እያየች፣ አንተ ደግሞ አፍህ ቆሎ ሞልቶ ዲዳ ነህ።

ከማዶ ደግሞ የአማቴ ድምፅ በቀጭኑ መለሰ፣ "አቤት ልጄ፣ መጣሁ።"

ከዚያ ዝም አለ። ወፍ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ቆመን ቀረን። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም፣ አስቴር ብዙ ነው ትላለች፣ እኔ አንድ ትንፋሽ ይመስለኛል። ቀጥሎ ከላይ በኩል ገብስ ከጆንያ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት ሹክሹክታ መጣ፣ ገር የሆነ ድምፅ ነው፣ የሚያስፈራ አይደለም፣ ከዚያ ሥር መበጠስ ጀመረ፣ ጧ፣ ጧ፣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ያ ያጋደለው ባሕር ዛፍ እንደቆመ፣ እመኑኝ እንደቆመ፣ ሳይወድቅ በፊታችን አልፎ ወደ ታች ሄደ። መንገዱ ተከትሎት ሄደ። ከሞተሬ የፊት ጎማ አንድ ሁለት ክንድ ወዲያ የነበረው መሬት የለም፣ ጉሙ ራሱ ተገፍቶ ገለጥ ሲል ቀይ ቁስል የመሰለ አፈር ነው ያየነው፣ ቁልቁል እስከ ወንዙ።

ቆሎውን ተፋሁት። ፈራሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። አስቴር አልተቀመጠችም፣ አልጮኸችም፣ "እማዬ" አለች ቀስ ብላ፣ ልክ አጠገቧ ያለ ሰው እንደምትጠራ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ሸንተረሩ አዙራ መውጣት ጀመረች። ናዳው የሄደው ወደ ቤቱ በኩል ነበር፣ ሁለታችንም አይተነዋል። ሞተሩን እዚያው ጥዬ ተከተልኳት። በዚያ አቀበት ላይ በእጄና በእግሬ እየዳህኩ፣ ለማን እንደምለምን ሳላውቅ እየለመንኩ፣ "ዳሱን አትሥሩ ልትዪ ነው" ያልኩት ነገር በጆሮዬ ሲመላለስ፣ ሃምሳ ጊዜ ተንሸራትቼ ሃምሳ ጊዜ ተነሳሁ። አስቴር አንድ ጊዜም ዞር ብላ አላየችኝም።

ሸንተረሩ ጫፍ ላይ የቆሙ የጥንት ድንጋዮች አሉ፣ ከአጠገባቸው ትልቅ የኮሶ ዛፍ። ከኮሶው ሥር አንድ ሰው ላስቲክ ተከናንቦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አማቴ ናቸው። ሌላ በርጩማ ደግሞ ከጎናቸው አለ፣ ባዶ።

አስቴር ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ። እንደዚያ ዓይነት ደስታ በሕይወቴ አላውቅም፣ ስንጋባም፣ ሱቁን ስከፍትም አልተሰማኝም፣ ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ። አማቴ ግን የሚያዩት እኔን ነው፣ ግራ ተጋብተው።

"አንተ በዚህ ወረድክ፣ በዚያ መጣህ?" አሉኝ።

"የት ወረድኩ እማማ?"

"ሞተሩን ላምጣ ብለህ አይደል? እኔ በርጩማውን ይዤ ቀረሁ፣ ይመጣል ብዬ።"

አስቴር ቀና አለች። "እማዬ፣ ማን ነው እዚህ ያመጣሽ?"

"እሱ ነዋ። ከአጥር ጠራኝ፣ ወጣሁ። አማች ቆሞ አይወራም ብዬ ሁለት በርጩማ ይዤ ወጣሁ። ግባ አልኩት፣ አልገባም አለ። እጄን ይዞ ወደዚህ አወጣኝ፣ ሽቅብ ሲሄድ እንዴት ይፈጥናል! ቀስ በል አልኩት፣ አልሰማኝም። እዚህ አስቀመጠኝ፣ ሞተሩን ላምጣ አለና ተመልሶ ወደ ቤት ወረደ።" ቀጥለው እጄን ያዙና ገለበጡት፣ መዳፌን አዩት። "ያኔ ሞቆ ነበር እጅህ። አሁን ለምን በረዶ ሆነ?"

"ምን ለብሼ ነበር?" አልኳቸው። "ይሄንኑ" አሉ፣ ጃኬቴን እየነኩ። "አስቴርስ ከእኔ ጋር ነበረች?" አልኩ። "አስቴር አልነበረም። የት ነው ስለው ይመጣል አለኝ፣ ይኸው መጣ።" ከዚህ ወዲያ ጠይቄ አላውቅም፣ አስቴር በክርኗ ጎሰመችኝ፣ እናቷ ባል ከሞተባቸው ወር ያልሞላቸው ሴት ናቸው፣ ላስጨንቃቸው አልፈለግሁም።

ጉሙ ሲነሳ ቤቱን አየነው። የፊቱ ግማሽ ቆሟል፣ ያ የማይዘጋው በር እንደተከፈተ ነው። የኋላው ግማሽ፣ አማቴ የሚተኙበት፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ ዳሱ፣ እንሰቱ፣ ቀርከሃው፣ አንድ ላይ ተጠቅልሎ አፈር ሆኗል። ጎረቤቶቹ ከወንዝ ማዶ ናቸው፣ ከአማቴ ዶሮዎች በቀር የጠፋ ነፍስ የለም። የሰፈሩ ሰው ሮጦ መጣ፣ ዳስ የቆፈሩት ሰዎችም መጡ፣ አንዱ ሽማግሌ አፈሩን አይቶ መቆፈሪያውን መሬት ላይ አስተኛውና ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ማንም አልወቀሰውም። አማቴ ግን ለመጣው ሁሉ "አማቼ አወጣኝ" ይላሉ፣ ሰው ሁሉ ትከሻዬን ይመታል፣ ይመርቀኛል፣ እኔ ደግሞ ባልሠራሁት ሥራ ምርቃት ተሸክሜ ቆሜያለሁ። እኔ አልነበርኩም ብል "ትሕትናው" ይሉኛል። ደግሞ ለናንተ ልንገራችሁ፣ ከምርቃቱ ሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፣ ያ ሰውዬ ሞተሩን ላምጣ ብሎ ወደ ቤቱ ሲወርድ ታይቷል፣ ሲወጣ ያየው የለም።

ሁሉም የራሱን ይላል። የአስቴር ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መልአክ ነው አሉ፣ እናቴ ሚካኤል ነው ብላ ስለት አስገባች፣ ጎረቤቴ መካኒኩ የገደል ማሚቶ ነው አለኝ። የገደል ማሚቶ ያልተናገርከውን ይመልሳል እንዴ? መልአክስ ቢሆን የእኔን የግራሶ ጃኬት ምን አስለበሰው? እኔ ያለኝ አማቴ ብቻ ናቸው፣ ለእኔ እሱ ይበቃኛል። በአንድ ነገር ግን ተቀይሬያለሁ፣ ክረምት ላይ ወደ ደጋ የሚወጡ ሞተረኞች የፍሬን ሸራና የሞተር ካንዴላ ሊገዙ ሲመጡ ሳልሰብካቸው አልለቅም፣ መንገድ ተሰንጥቆ ካየህ ተመለስ፣ የግድ ካለፍክ አንድ በአንድ እለፍ፣ ከገደል ሥር ቆመህ ጎማ አትንፋ፣ ጉም ከሆነ ሻይ ጠጥተህ ጠብቅ፣ ደግሞ ለዳስም ሆነ ለሠርግ የተራራ እግር አትቁረጥ። "ተክሌ ስብከት ጀመረ" ይሉኛል፣ ይበሉኝ። አስቴር አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆማ ሰማችኝና ፈገግ ብላ ሄደች።

አማቴ አሁን ከእኛ ጋር ናቸው። ለቀስተኛውም ዲላ ድረስ መጥቶ አለቀሰላቸው፣ ስለዚህ ቅር አላላቸውም። ሰፈራችን ሜዳ ነው፣ ተራራ የሚባል ነገር በአጠገባችን የለም፣ አስቴር ቤት ስንከራይ ያየችው መጀመሪያ እሱን ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብለን ሳለ አስቴር እናቷን "እማዬ፣ ከእንግዲህ ሰው ከደጅ ሲጠራሽ ሦስት ጊዜ እስኪጠራሽ አትመልሺ፣ አትውጪም" አለቻቸው። ክፉ ነገር ሦስቴ አይጠራም እያለ የድሮ ሰው እንደዚህ ያስጠነቅቅ የለ? እሷ ጴንጤ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። አማቴ አዝነው አዩዋት። "አማቼን ሦስቴ ላስጠራው?" አሉ። "በደጄ ቆሞ? አይሆንም።"

እሳቸውን ማሳመን ስላልተቻለ አስቴር ሌላ ዘዴ አመጣች። ማታ ከሱቅ ስመጣ ከግቢው በር ሆኜ "እማማ" እላለሁ፣ ልማድ ነው፣ አልተውም፣ እሳቸውም "መጣሁ" ብለው ይነሳሉ፣ አስቴር ግን ቀድማ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ትልና ከእግሬ እስከ ራሴ ታየኛለች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ "ራሱ ነው እማዬ፣ ውጪ" ትላቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለኝ ነበር፣ ሰው በገዛ ቤቱ ይፈተሻል እንዴ ብዬ፣ በኋላ ለመድኩት።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ይኸው። ካፊያ ቢጤ ነበር፣ ቤንዚን ስላለቀብኝ ሞተሩን እየገፋሁ ደረስኩ፣ ድካም ገድሎኛል፣ የግቢውን በር ልከፍት እጄን ስዘረጋ ከውስጥ አስቴር "ራሱ ነው እማዬ፣ ውጪ" ስትል ሰማኋት። ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር። በሩን ገፍቼ ስገባ አማቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከደጃፉ ወጥተዋል፣ አስቴርም ማማሰያውን እንደያዘች ከኋላቸው ወጣች። እኔን አየችኝ፣ ወደ መስኮቱ ፊት ለፊት ወዳለው የግቢው ጥግ ዞራ አየች፣ እንደገና እኔን አየችኝ።

"አሁን እዚያ ጥግ ቆመህ አይደል የጠራኸው?" አለችኝ።

"አልጠራሁም።"

ሦስታችንም ግቢው መሀል ቆምን። ቤቱን አየነው፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መሬቱን፣ ምንም የለም፣ ሜዳ ላይ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ካፊያው ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ቆምን፣ ቆምን፣ የሚሆን ነገር ጠፋ። አማቴ መሳቅ ጀመሩ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ አስቴር ማማሰያዋን ይዛ። ደህና ነን፣ ሁላችንም ውጭ ነን፣ አንድም ሰው ውስጥ የለም፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። "ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው" አሉ አማቴ፣ እሳቸውም ግን አልተንቀሳቀሱም። ወጡ ማረር ጀምሮ ሸተተን፣ ቀድሞ የሚገባ ግን ጠፋ።